አሥራ ሦስተኛው ወረቀት

ቤሎ ብሮድ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2006

እሑድ ነው። ጉም ወንዙን ሸፍኖታል፤ ድልድዩ ከመስኮቴ አይታይም። ቤት ያለነው እኔና ቢስትራ ብቻ ነን፤ እሷም ፎቅ ላይ ተኝታለች።

ለተወደድሽ የአክስቴ ልጅ ዶብሪና፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያለሽበት ጣሊያን ብርዱ አይጽናብሽ። የምታስታምሚያቸው ሲኞራ ኢኔስ ጤናቸው ይመለስላቸው፣ ላንቺም ጉልበቱን ይስጥሽ። እኛ ደኅና ነን። ጣሪያው ያፈስ የነበረው ተጠግኗል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ዜና ስላለኝ ነው። ልጅሽ ተሸልማለች። ፖላንድ ውስጥ የወጣት አታሚዎች ውድድር ነበር፤ ሥራዋን ልካ አንደኛ ወጣች። ዘንድሮ የምትማርበት የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ቀንቶታል። ከሸክላ ክፍል አንዲት ተማሪ ለስድስት ወር ፖርቱጋል ተጋብዛለች። የእንጨት ሥራ መምህሩ የሠሩት ባለ ሦስት እግር ወንበር ቪየና ለትርኢት ቀርቧል፤ ሰው ሲቀመጥበት ይገለበጣል፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ፣ ግን ለመቀመጥ የተሠራ አይደለም ተባለ። የቢስትራ መምህር ፕሮፌሰር ሂንኮቭ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ባገኙት ሰው ሁሉ ፊት ቆመው «የእኔ ተማሪ» ሲሉ ነው የሰነበቱት።

እኔ እዚያው ማተሚያ ክፍል ነኝ። የከተማው ማተሚያ ቤት ሲዘጋ አሮጌዎቹ ማሽኖች ለኮሌጁ ተሸጡ፣ እኔም አብሬ ተሸጥኩ ብዬ ስቀልድ ታስታውሻለሽ። የብረት ፊደል ለቅሞ መደርደር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከወለል የጠረግኩት ቁርጥራጭ ወረቀት ነው ያስተማረኝ። ይህም ደብዳቤ የተጻፈው ከሠርግ መጥሪያ በተረፈ ቁራጭ ላይ ነው፤ ቀጭንና ረጅም የሆነው ለዚህ ነው።

ቢስትራ ሥራዋን እዚሁ ለከተማው ሰው ልታሳይ ነው። ቀኑ ማርች 17፣ ቅዳሜ ማታ ነው። ቀኑን የመረጠችው ራሷ ናት። አንቺ የሄድሽው ሴፕቴምበር 17 ስለሆነ ለምን እንደመረጠችው ይገባሻል ብዬ አስባለሁ።

እናቴ ትምጣ አላለችም። አትምጣም አላለችም። ነይ የምልሽ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌለኝ ከዚህ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም ትይ ነበር፤ ልክም ነበርሽ። ከጃንዋሪ አንድ ጀምሮ ግን አገራችን ካለሽበት አገር ጋር በአንድ ኅብረት ስለምትሆን ድንበር ላይ «ስንት ጊዜ ቆየሽ» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም ይላሉ።

መንገድሽን ያቅናልሽ።
ሩሳና

---

ፌራራ፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2006

ለእትዬ ሩሳና፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ እጆችሽ አይዛሉ። እኔ ደኅና ነኝ። ሲኞራም እንዳሉ አሉ፤ አንድ ቀን ስሜን ያውቁታል፣ አንድ ቀን በሞተች እህታቸው ስም ይጠሩኛል፣ ለሁለቱም አቤት እላለሁ።

የቢስትራን ነገር ስሰማ ለሲኞራ ልጅ ነገርኩት። «ሥዕል ነው የምትሥለው?» አለኝ። ማተም ነው አልኩት። «ምን ታትማለች?» ሲለኝ «ጠይቄ እነግርሃለሁ» አልኩት። እስቲ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ምንድን ነው ያተመችው? አበባ ነው? ትንሽ ሆና ሁልጊዜ አበባ ነበር የምትሥለው።

ጥቅል ልኬያለሁ። ቡናማው ቦት ጫማ የቢስትራ ነው፤ ሳሙናውና ሩዙ የቤት፤ የሱፍ ካልሲው ያንቺ፤ ብስኩቱ የጎረቤታችን የእማማ ፔና። በሩን ስለምትጠብቅልን አትርሺያት። የስልክ ቁጥሬንም ካርዱ ላይ ጽፌላታለሁ፤ ምናልባት ቤቱ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ።

ስለ መምጣቱ፣ አዲሱ ዓመት ይግባና እናያለን። ሲኞራን የሚይዝልኝ ሰው መፈለግ አለብኝ። አንዲት ሩማንያዊት አለች፣ ግን እጇ ሻካራ ነው። እናያለን።

ልጄን ሳሚልኝ። አቅፈሽ ሳሚያት ማለቴ ነው፣ ከሩቅ አይደለም።
ዶብሪና

---

ቤሎ ብሮድ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2007

በረዶው ጉልበት ደርሷል። ጠዋት ነው። ምድጃው አጠገብ እኔና ድመቷ ነን፤ ቢስትራ ኮሌጅ ሄዳለች።

ለተወደድሽ ዶብሪና፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልሽ። ምላሼ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ምድጃ ውስጥ ከትቻለሁ።

ጥቅሉ ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልን። እማማ ፔና ብስኩቱን ለፋሲካ አስቀምጫለሁ ብላ በማግሥቱ ጨረሰችው።

ሥራው ምንድን ነው ብለሽ ጠይቀሻል። ወረቀት ነው። ጥቁርና ነጭ። አሥራ ሁለት ነው። አበባ አይደለም። ፎቶ አላነሣሁም።

በዚህ ሳምንት «የዓመቱ ስኬቶች» የሚባለውን አትሜያለሁ። በየዓመቱ የተማሪዎቹና የመምህራኑ ሽልማት በአንድ በአንድ ወረቀት ይታተማል፤ ፎቶ ከላይ፣ ስም ከሥር፣ ያገኙት ነገር ከስሙ በታች። መንገድ ዳር ባለው ትልቁ በር ላይ ይለጠፋል። ርእሰ መምህሩ በራሳችን ማሽን ካልታተመ አይሆንም ይላሉ። ዘንድሮ ስድስት ሰዎች ናቸው። ቢስትራ የእኔም ስም ከሷ ስም ሥር ይግባ ብላ ነበር፤ ሂንኮቭ የማተሚያ ክፍል ሠራተኛ በዚህ አይገባም አሉ። ልክ ናቸው፣ ገብቶ አያውቅም። ነገ ይለጠፋል፣ ወይም በረዶው ሲቆም።

አዲሱ ዓመት ገብቷል። የጎረቤት ልጅ ከስፔን መጥቶ ተመልሷል፤ ድንበር ላይ ፓስፖርቱን ገልጠው እንኳ አላዩትም አለ። እናያለን ብለሽ ነበር።

ጤናሽን ያብዛልሽ።
ሩሳና

---

ፌራራ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2007

እትዬ ሩሳና፣

ሰላምታውን ዛሬ ተይልኝ። ከቻልኩ ከታች እጨምረዋለሁ።

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። የሲኞራን የእግር ጥፍር እየቆረጥኩ ነበር። ግራውን ጨርሼ ቀኙን ጀምሬያለሁ። ደዋይዋ እማማ ፔና ናት። በስድስት ዓመት አንድ ቀን ደውላልኝ አታውቅም። «ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ፤ ዛሬ ዳቦ ልገዛ ስሄድ ኮሌጁ በር ላይ አየኋት፤ እንዴት ያለ ቆንጆ ፎቶ ነው የመረጡላት» አለች። ማንን ነው ያየሽው አልኳት። «ቢስትራን ነዋ» አለች። ከዚያ ካርዷ አለቀ መሰለኝ ተቋረጠ።

የቀኙን እግር ጨረስኩ። ልነግርሽ የፈለግኩት ይህን ነው። አምስቱንም ጥፍር ቆረጥኩ። በሞረድ አለሰለስኩ። ካልሲ አለበስኳቸው። ሾርባ አሞቅኩ። «ጨው የለውም» አሉ፤ ጨመርኩ። እስኪጨርሱ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሳህኑን አጠብኩ። ማንኪያውንም አጠብኩ።

ከዚያ እቤት ደወልኩ። ያነሣችው ቢስትራ ናት። «ሃሎ» አለች። «ጥቅሉ ደረሰ?» አልኳት። «ከገና በፊት ደርሷል። ቦቱ ሠላሳ ሰባት ነው፤ እኔ ከሦስት ዓመት ወዲህ ሠላሳ ዘጠኝ ነኝ» አለች። ቀይሬ እልካለሁ አልኳት። «አትቸገሪ» አለችኝ። ተሰነባብተን ዘጋን።

ሞተች ስባል አላለቀስኩም። መኖሯን ስሰማም አላለቀስኩም። ሌሊቱን በደንብ ተኛሁ። ይኸው ሦስት ቀኔ ነው፤ ገበያ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ አንድ ነገር ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ፣ ምንም አይመጣም። እትዬ፣ እንዲህ ያለች እናት አይተሽ ታውቂያለሽ?

በሩ ላይ የተለጠፈው ምን ነበር? እማማ ፔና ዓይኗ ቢደክምም የኀዘን ወረቀት የማታውቅ ሴት አይደለችም። እውነቱን ጻፊልኝ።

እግዜር ጤና ይስጥልኝ።
ዶብሪና

---

ቤሎ ብሮድ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2007

ሰማዩ ደመና ነው፣ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል። ማተሚያ ክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ።

ለዶብሪና፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እማማ ፔና ላይ አትፍረጂ።

የስኬቶቹን ወረቀት ያተምኩት ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ፣ ዓርብ ማታ ነው፤ ማሞቂያው ተዘግቶ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። ማሽኑ ላይ ለመታተም ተደርድሮ የተቆለፈ ሌላ ሥራ ነበረ፤ ወፍራም ጥቁር ክፈፍ ያለው። ክፈፉን ፈትቼ ሌላ ከማሰር ብዬ ውስጡን ፊደል ብቻ ለውጬ አተምኩ። ስድስት ፎቶ፣ ስድስት ስም፣ ስድስት ጥቁር ክፈፍ፤ በረዶው ሲቆም፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በመንገድ ዳር በር ላይ ተለጠፈ። በዚህ አገር አርባ ሲሆን፣ ሙት ዓመት ሲሆን በሩ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ስንለጥፍ ዕድሜያችንን የኖርን ሰዎች ነን፤ ኮሌጁ ውስጥ ግን አንድም ሰው አላስተዋለውም። ሂንኮቭ «ጠንካራ ነው» አሉ። እኩለ ቀን ላይ በሩ ሥር ሁለት ካርኔሽን አበባ ተቀምጦ ተገኘ። የእንጨት ሥራ መምህሩ ቤትም ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው ራሳቸው መምህሩ በሩን ከፈቱላቸው። አማታቸው ቀድማ ሰምታ ስለነበር በሕይወት መኖራቸውን ስታይ ቅር ሳይላት አልቀረም ይባላል። በማግሥቱ ወረቀቱን አወረድኩት።

አሁን ስለ ክፈፉ ልንገርሽ። ማሽኑ ላይ ተቆልፎ የነበረው የቢስትራ ሥራ ነው።

አሥራ ሁለት የኀዘን ወረቀት ነው ያተመችው። አሥራ ሁለቱም ያንቺ ናቸው። ፎቶሽ ከላይ፣ ስምሽ ከሥር። የመጀመሪያው «ከተለየችን ስድስት ወር ሆነ» ይላል፤ ሁለተኛው «አንድ ዓመት»፤ እንዲህ እያለ እስከ ስድስት ዓመት። ሞተች የሚል የለበትም። ባለፈው በጋ ባለቤቶቻቸው ጣሊያን፣ ስፔን፣ ግሪክ በሄዱባቸው ቤቶች በር ላይ ለጠፈቻቸው። አንዱ ቤት አጠገብ የምትኖር ሴት ንፍሮ ቀቅላ ይዛ ወጣች። ሌላው ጋ ሽማግሌ ከዘራ አንሥተው አባረሯት። ሁሉንም ፎቶ አንሥታ ላከች፣ አሸነፈች።

ፊደሉን የለቀምኩት እኔ ነኝ። ስምሽን በእጄ አቆምኩት፣ ቀለም ቀባሁት፣ አሥራ ሁለት ጊዜ አተምኩት። መጀመሪያ ስትጠይቀኝ እምቢ ብያት ነበር። እናትሽ በሕይወት ያለች ሴት ናት፣ ይህ ሟርት ነው አልኳት። እንዲህ ነው ያለችኝ፦ «አክስቴ፣ ሞታለች አላልኩም። የአባቴን ወረቀት በየዓመቱ በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ለሞተው ሰው ቀኑን የምንቆጥርበት ወረቀት አለን። ለሄደው ግን ምን አለን?» አተምኩ።

ልደብቅሽ ብዬ አይደለም ስምንት ወር ዝም ያልኩት። ብነግርሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ነው።

ማርች 17 ስድስት ዓመት ከስድስት ወር ይሆናል። አሥራ ሦስተኛ ወረቀት አለ። ያን ዕለት ማታ ሰው ፊት ነው የሚሰቀለው።

እንደ አገራችን ልማድ ለማርች መጀመሪያ እጅሽ ላይ እንድታስሪው ቀይና ነጭ ክር ገምጄ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የገመድኩት ራሴ ነኝ፤ ቀዩ ትንሽ አንሶብኛል።

ሩሳና

---

ፌራራ፣ ማርች 8 ቀን 2007

ለእትዬ ሩሳና፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤቱ።

ክሩን አስሬዋለሁ። ሲኞራ ቀኑን ሙሉ ሊፈቱት ሲታገሉ ዋሉ።

ቢስትራን ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ሁለት ቀን ቁጣ ስፈልግ ዋልኩ፤ አላገኘሁም። ከዚያ ሳህን እያጠብኩ አንድ ነገር ብቻ መጣብኝ፦ የትኛው ፎቶ ነው? ሰማያዊ ሸሚዝ የለበስኩበት የፓስፖርቱ ከሆነ መጥፎ ነው፤ ያን ቀን ጥርሴን አሞኝ ነበር። ዛሬ ገበያ አዳራሹ ውስጥ ባለው ማሽን ፎቶ ተነሣሁ። ፀጉሬን መቀባት ትቻለሁ፤ እንዳለ ነው። ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ይህን ታድርገው፤ መቼም ካልቀረ እኔን ይምሰል።

ሩማንያዊቷ ለአራት ቀን እሺ ብላለች። አውቶቡስ ሐሙስ ማታ አለ። እመጣለሁ አልልሽም። አልመጣም አልልሽም። ለቢስትራ አትንገሪ።

ዶብሪና

---

ቤሎ ብሮድ፣ ማርች 19 ቀን 2007

ሰኞ ነው። ነፋስ አለ፣ ፀሐይም አለ፤ የወንዙ ዳር ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ አብቧል። ማተሚያ ክፍል ነኝ፤ ማንም የለም።

ለዶብሪና፣

በሰላም ገብተሽ ከሆነ ይመስገን። ትናንት አውቶቡሱ ላይ ስትወጪ «እትዬ፣ ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ያየሽውን ጻፊልኝ» አልሽኝ። ያየሁትን እጽፋለሁ።

ቅዳሜ ማታ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ያለፉትን ስኬቶች ርእሰ መምህሩ አንድ በአንድ አነበቡ፤ ወንበሩ ሲነሣ ሰው ሳቀ። አሥራ ሁለቱ ግድግዳው ላይ በተርታ ነበሩ። አሥራ ሦስተኛው በጨርቅ ተሸፍኗል። ስትገቢ አላየሁሽም። ማንም አላየሽም። አሥራ ሁለት ፎቶሽ ባለበት ክፍል ሰዎች ትከሻሽን እየገፉ አለፉ፣ አንዱ እንዲያውም ኮቱን እንድትሰቅይለት ሰጠሽ። ሂንኮቭ የወይን ብርጭቆ ይዘው ወዳንቺ መጥተው ሲያናግሩሽ ሰማሁ። «የሟች ዘመድ ነዎት?» አሉሽ፣ መቀለዳቸው ነው። «ቅርብ ዘመድ ነኝ» አልሻቸው። ድምፅሽንም አላወቅኩትም። ኮቱን የያዘው እጅሽ ላይ ክሩን አየሁ፤ ቀዩ ያነሰውን። ያኔ ነው ያወቅኩሽ።

ቢስትራ ጨርቁን ስታወርደው አሥራ ሦስተኛው ላይ ፎቶ አልነበረም። ክፈፉ አለ፣ ስምሽ አለ፣ «ስድስት ዓመት ከስድስት ወር» ይላል፤ ፎቶው መግባት ባለበት ቦታ ባዶ ነጭ ነው። ቦታውን ለምን ባዶ እንደተወችው ሰው ጠየቃት። «አሁን ምን እንደምትመስል አላውቅም» አለች። ይህን ስትል አንቺ ከሷ አምስት እርምጃ ርቀሽ የሰው ኮት ይዘሽ ቆመሻል።

ከዚያ አየችሽ። እንዴት እንዳወቀችሽ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ቀጥ ብላ መጣች። ከኮቱ ሥር ይዘሽው የነበረውን አበባ ሰጠሻት። እዚያ አገር እንደመጣላቸው ያስሩታል መሰለኝ፣ አንቺም ረስተሽው ይሆናል፤ ስድስት ነበር። አጠገባችን ያሉት ሴቶች ጥንድ መሆኑን አይተው ተያዩ፤ ጥንድ የሚያዘው ለመቃብር ነውና። ቢስትራ በጣቷ ቆጠረች። አንዱን መዘዘች። «አምስት ይበቃኛል» አለችሽ፤ የመዘዘችውን መልሳ አንቺ እጅ ላይ አስቀመጠችው። «ይቺ ያንቺ ናት።» ከዚያ ኮቱ የማን እንደሆነ ጠይቃሽ ወስዳ ሰቀለችው።

ቤት የሆነውን ታውቂዋለሽ። አይብ ያለበትን ቂጣ፣ ባኒጻውን፣ በላን። ሳህን አጠብሽ፤ የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋሽ፤ እሷ ተቀብላሽ አስቀመጠች። የጨው ዋጋ አወራን፣ የጣሪያውን ነገር አወራን። አልጋዋን ለቀቀችልሽ። አለቀስሽ ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ አላለቀስሽም። እሷም አላለቀሰችም። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል የተናገረችውን በሞተሩ ድምፅ ውስጥ ሰምተሽው እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ሰምቻለሁ። «ቦቱን ሠላሳ ዘጠኝ አድርጊው» ነው ያለችው።

ዛሬ ጠዋት ያደረግኩትን ልጻፍልሽና ይብቃኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ምድጃውን አቀጣጠልኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ፖስተኛው መጣ፤ የማርች ስምንት ደብዳቤሽን ይዞ። ፎቶው ውስጡ ነበር። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ከጨው ዕቃው ጋር አስደግፌ አቆምኩት። ቢስትራ ወረደች። ቆማ አየችው። ዳቦዋን በላች፣ እንደገና አየችው። ስትወጣ ቦርሳዋ ውስጥ፣ እንዳይታጠፍ መጽሐፍ መሃል፣ አድርጋ ወሰደችው። በሴፕቴምበር አሥራ አራተኛ ይታተም እንደሆነ አልነገረችኝም።

ሁለት ሰዓት ላይ ማተሚያ ክፍሉን ከፈትኩ። ማሽኑ ላይ ያለውን ፈታሁ። የጥቁሩን ክፈፍ አራት ጎኖች በጋዝ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ወደ መሳቢያቸው መለስኳቸው። «ስድስት ዓመት ከስድስት ወር» የሚለውን ፊደል በፊደል በፊደል ሣጥኑ ውስጥ በየቤቱ በተንኩት። ስምሽን አልበተንኩትም። በክር አሰርኩት። ቀለም ቀባሁት፣ ፖስታ አስገባሁ፣ አንድ ጊዜ ተጫንኩት። ይህ ደብዳቤ የመጣበት ፖስታ ላይ ያለው ስምሽ እሱ ነው፤ አድራሻው ብቻ የእጄ ጽሑፍ ነው። ዙሪያው ክፈፍ የለውም፣ አይተሽው ይሆናል።

ስሙን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። እጄን ታጠብኩ። አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ኮቴን ለብሻለሁ፣ ወደ ፖስታ ቤት እየሄድኩ ነው።

ሩሳና